በዓል የሚያከብረው ዝናብ

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን እንዲህ አጥርቼ የማውቀው አለቃዬ አቶ ሙላት ወደ ቢሮዬ ሲገቡ ዓይናቸውን ላለማየት የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ስለነበር ነው። ዓይን አፋር ሰው የሰው ፊት ስለማያይ ሌላውን ሁሉ ያያል። ሰዓት ያያል፣ ወለል ያያል፣ ጫማ ያያል። የዚያን ቀን የአቶ ሙላት ግራ ጫማ ጭቃ ነክቶት ነበር።

«ይኼን ድረ ገጻችን ላይ አውጪልኝ» አሉና አንድ ክምር ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

የምሠራው እዚሁ ጎንደር ከተማ፣ የደጋ ገበሬዎችን ጉዳይ በምትከታተል አንዲት ትንሽ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ድረ ገጽ አለን። እስከዚያ ሰኞ ድረስ ድረ ገጹ የያዘው የአቶ ሙላትን ፎቶግራፍ፣ የጽሕፈት ቤቱን ዓላማ፣ ከዚያ ደግሞ የአቶ ሙላትን ሌላ ፎቶግራፍ ነበር። አቶ ሙላት ክፉ ሰው አይደሉም። በየወሩ አንድ ቀን «ማኅበር አለብኝ» ብለው ከሚጠፉ በቀር ከቢሯቸው አይለዩም፤ ፎቶግራፉም ከቢሯቸው ሳይለዩ የተነሡት ነው።

አሁን ግን ድረ ገጹ የአየር ጠባይ ሊያሳይ ነው። ከመካነ ብርሃን ወዲያ፣ ጃናሞራ ውስጥ፣ አያ ታከለ የሚባሉ ገበሬ አሉ። ከቤታቸው በላይ ባለው ኮረብታ የዝናብ መለኪያ ተተክሎላቸው በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስንት ሚሊሜትር እንደዘነበ ያያሉ፣ ይጽፋሉ፣ ውሃውን ይደፋሉ። ወረቀቱ በየወሩ ወደ እኛ ይላካል። እኛ ደግሞ ተቀብለን ሣጥን ውስጥ እናስቀምጠዋለን። የጃናሞራ ዝናብ ስንት ገደል ወርዶ፣ ስንት ወንዝ ሞልቶ፣ መጨረሻው የእኛ ሣጥን ነበር።

«የአምናው ክረምትና የዘንድሮው እስከ ሰኔ ነው። ሐሙስ ይለቀቅ። ያልገባሽ ነገር አለ?» አሉ አቶ ሙላት።

«የለም» አልኩ።

ነበር። ግን ያልገባኝ ነገር ሲኖር «የለም» ማለት የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴ ዋና ፍሬ ነው። መምህሩ «ጥያቄ ያለው?» ባለ ቁጥር ከኋላ ወንበር አንገቴን ደፍቼ፣ ደፍቼ፣ በማዕረግ ተመረቅኩ።

የአያ ታከለ ጽሕፈት የድጓ ጽሕፈት ነው የሚመስለው። ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ተሰልፏል፤ ስርዝ ድልዝ የለም፤ አንድም የጭቃ ጣት የነካው ወረቀት አላየሁም። ደስ አለኝና ቁጥሩን ከላይ ወደ ታች እያወረድኩ ወደ ኮምፒውተሩ አስገባ ጀመር። እስከ አንድ ቦታ ድረስ ሸጋ ሄደ። ከዚያ በቁጥር ፈንታ አንዲት ሰረዝ አገኘሁ።

እንዲያው እጅ የሳተ ጭረት አይደለችም። በማስመሪያ የተሰመረች፣ ታስቦባት የተቀመጠች ሰረዝ ናት። ሰረዝ ብዬ አስገባሁ። ኮምፒውተሩ በቀይ «ስሕተት» አለኝ። ባዶ ተውኩት። «ስሕተት» አለኝ። ወረድ ስል ሌላ ሰረዝ አለች። ሰረዟ እዚህም እዚያም፣ በየወሩ፣ በየገጹ አለች። ዝናብ ሆኖ ሰረዝ የሆነ ምንድን ነው? ግራ ገባኝ።

ድረ ገጹን የሠራው ሀብታሙ ከእኔ በአንዲት የኮምፖንሳቶ ግድግዳ ብቻ ተለይቶ ይቀመጣል። ስለዚህ እንደ ልማዴ በስልክ መልእክት ጻፍኩለት። እሱ ደግሞ እንደ ልማዱ በግድግዳው ላይ አሻግሮ ጮኸ።

«ዜሮ በዪው!»

«ዜሮ እኮ አልዘነበም ማለት ነው» ብዬ ጻፍኩ።

«ሰረዝስ ምን ማለት ነው?»

«አላውቅም» ብዬ ጻፍኩ።

«እንግዲያው ዜሮ ነው!»

የተማረ ሰው እንዲህ ሲከራከር መልስ አላውቅም። ቢሆንም ልቤ ስላልቆረጠ አንድ ነገር አሰብኩ፤ ባለቤቱን መጠየቅ። በወረቀቱ ግርጌ የአያ ታከለ ስልክ ተጽፏል። ለሌላ ሰው ይኼ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ የምናገረውን በወረቀት ጻፍኩ፤ «እንደምን አደሩ አያ ታከለ፣ የምደውልልዎት ከጎንደር ነው፣ ስለ ሰረዟ ለመጠየቅ ነበር»። ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት፤ «ነበር» የሚለውን ሰረዝኩ፤ መልሼ ጻፍኩት። ደወልኩ።

«አቤት!» አለ አንድ ድምፅ። ያለ ስልክም ከጃናሞራ ጎንደር ድረስ የሚሰማ ድምፅ ነው።

ወረቀቴ ከእጄ ወደቀ። ስልኩን ዘጋሁት።

መልሰው ደወሉ። አላነሣሁም። ደግመው ደወሉ። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት፤ መሳቢያው እየተንቀጠቀጠ ጮኸ። በሦስተኛው ሀብታሙ «ዝናቡ ነው የሚደውለው?» አለ።

ከዚያ በኋላ ሰረዟን ሁሉ ዜሮ አደረግኳት። አንድም አላመለጠችኝም። ሦስት ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ከታች ወደ ላይ አመሳከርኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ቸኩሎ ጥቂቱን በዘለለልኝ ነበር። ጠንቃቃ ሰው የተሳሳተ ዕለት ስሕተቱ እንከን የለውም።

ሐሙስ ተለቀቀ። የድረ ገጹን ሥዕል ሳይ ግራ መጋባቴ ባሰብኝ። የእያንዳንዱ ቀን ዝናብ በአንድ በትር ይታያል፤ ብዙ ከዘነበ በትሩ ቀይ ይሆንና «ኃይለኛ ዝናብ» የሚል ይጻፍበታል። የጃናሞራ ክረምት ጥርሱ የወላለቀ ሽማግሌ መስሎ ቁጭ አለ። ጥቂት ቀን ደህና ይዘንብና ድንገት ዜሮ ይሆናል። በማግሥቱ ጦር የሚያህል ቀይ በትር ይነሣል። ደግሞ ጥቂት ቀን ደህና ይቆይና ዜሮ፣ ከዚያ ቀይ። በሐምሌ ጃናሞራ ላይ አንድ ቀን ጠብ ሳይል ይዋል? ይኼ ዝናብ አንድ ቀን የሚጠፋው ወዴት ሄዶ ነው? ሲመለስስ ለምን ተቆጥቶ ይመለሳል?

እናንተ ይኼኔ ገብቷችሁ ይሆናል። እኔ አልገባኝም። አቶ ሙላት ግን ገባቸው። ባይገባቸው በተሻለን ነበር።

አቶ ሙላት ድሮ ጂኦግራፊ ተምረዋል። ዓርብ ጠዋት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ በትሮቹን በእርሳስ ጫፍ እየነኩ ቆጠሩ።

«ሰኞ ቀይ። ሰኞ ቀይ። ሰኞ ቀይ! አየሽ? የሰባት ቀን ዑደት ነው! ተራራው ደመናውን ስድስት ቀን እየሳበ ይቆይና በሰባተኛው ትንፋሹን ያዝ ያደርጋል። ከዚያ ይለቀዋል!»

«ይኼ ሐሙስ ላይ ያለውስ?» አለ ሀብታሙ። «ይኼ ማክሰኞስ?»

«ከመስመር የወጣ ነው። የትም ሀገር ቢሆን ከመስመር የሚወጣ አይጠፋም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሰኞ በሚደረገው የገበሬዎች ስብሰባ ላይ አቀርበዋለሁ። ስምሽንም እጠራለሁ።»

ስሜ ስብሰባ ላይ ከሚጠራ ለፍትሐት ቢጠራ እመርጥ ነበር።

ሰኞ ሐምሌ አሥር አቶ ሙላት ከሀብታሙ ጋር ወደ ስብሰባው ሄዱ። የሆነውን የነገረኝ ሀብታሙ ነው፤ እየሳቀ ስለነገረኝ ግማሹን እኔ ሞላሁት። አቶ ሙላት ስለ ተራራው ትንፋሽ ተናግረው ሲጨርሱ ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

«እሑድ እሑድ የጃናሞራ ዝናብ ያርፋል ነው የሚሉን?»

«ቅዳሴ ሄዶ ይሆናላ!» አለ ሌላው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ሙላት ሲመለሱ ፊታቸው ከድረ ገጻችን በትር ይብስ ቀልቶ ነበር።

«ሰውየው ቤቱ ተኝቶ ነው የሚጽፈው!» አሉ። «ሲነቃ ዜሮ፣ ሲያፍር መቶ! ደብዳቤ ጻፊ። መለኪያው ተነሥቶ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ነገ በሌሊት እንወጣለን፤ መዝገቡን የምታውቂው አንቺ ስለሆንሽ አብረሽ ትመጫለሽ።»

ሰረዟ ምን ማለት እንደሆነች አላውቅም፤ ዜሮው ግን የአያ ታከለ አይደለም። ዜሮው የእኔ ነው። ይኼን መናገር ነበረብኝ። ተነሥቼ ቢሯቸው ገባሁ።

«አቶ ሙላት…»

«ምን?»

«ሻይ ልዘዝልዎት?»

እየወጣሁ፣ እየገባሁ፣ ያን ከሰዓት አቶ ሙላት ሦስት ሻይ ጠጡ። ደብዳቤውንም ጻፍኩት። «የተሰጠዎትን ሥራ በአግባቡ ባለመሥራትዎና ሐሰተኛ መረጃ በመመዝገብዎ» ይላል። አንድ የፊደል ግድፈት የለበትም።

ማታ ፀዳ ያለው ቤታችን ገብቼ ራት ላይ ለእናቴ ነገ ጃናሞራ እንደምሄድ ነገርኳት።

«ነገ አሥራ አንድ» አለች እናቴ። ቀን ስትቆጥር በጣቷ ሳይሆን በታቦት ነው። «ነገ ወዲያ ሚካኤል። ነገውኑ ጉዳያችሁን ካልጨረሳችሁ ገበሬው በሚካኤል ሥራ አይዝላችሁም፣ እታለም። ማደራችሁ ካልቀረ ደግሞ ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ፤ ጧፍ አለልሽ።»

እጄን ሳልታጠብ ተነሥቼ ከቦርሳዬ የአያ ታከለን ወረቀት አወጣሁ። አሥራ ሁለት፣ ሰረዝ። ሃያ አንድ፣ ሰረዝ። እሑድ፣ ሰረዝ።

«እማ፣ ሃያ ሰባት የማን ነው?»

«መድኃኔ ዓለም።»

«ሃያ ዘጠኝስ?»

«በዓለ ወልድ። ዩኒቨርሲቲ ምን ሲያስተምሩሽ ነበር?»

ኮምፒውተሩ ቀኑን ሁሉ ወደ ፈረንጅ ባይገለብጥብኝ ኖሮ ያኔውኑ ይገባኝ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ጁላይ አሥራ ዘጠኝን ማን ያከብረዋል? ለካስ አያ ታከለ በበዓል ቀን መለኪያውን አይነኩም። የበዓሉ ዝናብ እዚያው ውስጥ ያድራል፤ በማግሥቱ ከማግሥቱ ዝናብ ጋር አንድ ላይ ይለካል። ቀዩ በትር የሁለት ቀን ዝናብ ነው። ዝናቡ አንድም ቀን አላረፈም፤ ያረፉት አያ ታከለ ናቸው። ሰረዟ «አላየሁም» ማለት ነበረች። «አልዘነበም» ያሰኘኋት እኔ ነኝ። ነገ ደግሞ በእኔ ዜሮ የእሳቸው ስም ሊጠፋ ነው።

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ወጣን፤ ሹፌሩ፣ አቶ ሙላትና እኔ። ወለቃ ስንደርስ ለመናገር ወሰንኩ። በመንገድ ዳር የሸክላ ሻጮቹ ዕቃ ላስቲክ ለብሶ ነበር፤ እሱን እያየሁ ወለቃ አለፈ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ በእርግጥ ወሰንኩ።

«አቶ ሙላት…»

«ምን?»

«ብርድ… አልተሰማዎትም?»

መስኮቱን ዘጉት። ዳባት ላይ «ሙቀት አልተሰማዎትም?» አልኩ። ከፈቱት። ደባርቅ ላይ «አቶ» ብቻ ብዬ አቆምኩ። ከደባርቅ ወዲያ ያለው መንገድ ደግሞ አፍ አያስከፍትም፤ የከፈተ ምላሱን ይነክሳል።

የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው። አያ ታከለ የመኪናውን ድምፅ ሰምተው ኖሮ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከበቅሏቸው አጠገብ ቆመው ጠበቁን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፂማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። «እንደምን ዋላችሁ፣ መንገዱ እንዴት አደረጋችሁ፣ ከብቱ፣ ልጆቹ፣ ሀገሩ» አሉን። አቶ ሙላት ግን ለሰላምታ ትዕግሥት አልነበራቸውም፤ መለኪያውን አሳዩኝ አሉ። ካፊያ ስለነበር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቀደሙ፤ አያ ታከለም በቅሏቸውን እየሳቡ ተከተሉ።

መለኪያው ኮረብታው ላይ፣ በድንጋይ ካብ ተከቦ፣ ሣሩ ዙሪያውን ታጭዶ ቆሟል። ቆርቆሮ ነው። የሀገሩ ሰው «ጣሳው» ይለዋል። አቶ ሙላት ጎንበስ ሊሉ ሲሉ አያ ታከለ ክንዳቸውን ያዙ።

«ጌታው፣ ጃንጥላውን ያርቁልኝ። ጠብታው ጣሳው ውስጥ ይገባና የዛሬውን ያበላሽብኛል። እዚያ ማዶ ግንዱን ያዩታል? ባሕር ዛፌ ነበር። ዝናቡን ከለለብኝና ቆረጥኩት።»

ቤቱ ተኝቶ ይጽፋል የተባለው ሰው የጃንጥላ ጠብታ የሚቆጥር ሆኖ ተገኘ። አቶ ሙላት ጃንጥላቸውን አጠፉ። ደብዳቤውን ግን አወጡና ጎረቤት በተሰበሰበበት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። እኔ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር በሌላ ሰው አፍ ስሰማው ጉድጓድ ፈለግኩ።

አያ ታከለ የጋቢያቸውን ጫፍ ያዙ፣ ለቀቁ።

«ሐሰተኛ?» አሉ በዝግታ። «እኔ? ምነው ጌታው? ምኑን ዋሸሁ?»

«ይኸው!» አሉ አቶ ሙላት፣ ከድረ ገጹ የታተመውን ሥዕል ዘርግተው። «አምና ጁላይ አሥራ ዘጠኝ፣ ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን ማለት ነው፣ ዜሮ! አልዘነበም ብለው የለ?»

«ሐምሌ ሚካኤል? አምና በሐምሌ ሚካኤል እኮ በረዶ ወርዶ የወንድሜን ገብስ አንድ ሳያስቀር ጨረሰው። እኔ ዜሮ እጽፋለሁ? በወንድሜ ገብስ?» ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ይኼ የኔ እጅ አይደለም። ማነው ይኼን የጻፈ?»

ጎረቤቱ ወረቀቱን ለማየት ተጠጋ።

«እኔ ነኝ!»

ድምፄ ከየት እንደመጣ እስካሁን አላውቅም። በዕድሜዬ ያልተናገርኩት ተጠራቅሞ በአንዴ የወጣ ይመስለኛል። በቅሏ ደነበረች። ሹፌሩ ከመኪናው ወረደ። አቶ ሙላት ወደ ኋላቸው ዞረው ሌላ ሰው መጥቶ እንደሆነ አዩ።

«ሰረዝ ነው የጻፉት። ኮምፒውተሩ ሰረዝ አልቀበል አለ፣ እኔ ዜሮ አደረግኩት። ሁሉንም። እሳቸው አንድም አልዋሹም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ግን… አመሳክሬ ነው።»

አያ ታከለ ተጠግተው አዩኝ። «ቆይ እስቲ። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ደውለሽ ዝም ያልሽው አንቺ ነሽ?»

አንገቴን ደፋሁ።

«እኔ እኮ የሆነች ልጅ መርዶ መናገር አቅቷት ነው ብዬ ዘመድ ስቆጥር ሰነበትኩ! ሁሉም ደህና ሆነ፤ ማን እንደሞተ ጠፋኝ። ምነው አትጠይቂኝም ነበር ልጄ?»

«አፍሬ ነው።»

«ታዲያ እኔን ስታሳፍሪ ይሻላል?»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

አቶ ሙላት ግን እንዲህ በቀላሉ የሚመለሱ አይደሉም፤ የስብሰባው ሳቅ አሁንም ጆሯቸው ውስጥ ነው። «እሺ፣ ዜሮው የእሷ ይሁን» አሉ። «ሰረዙስ? በየቀኑ ይታይ ነው የተባለው። አንዲት ጣሳ አጎንብሶ ማየት ምን ሥራ ሆኖ ነው በበዓል የማይነካው?»

«ሥራ አይደለም?»

«አይደለም!»

«ሥራ ካልሆነ ደብዳቤው ‹ሥራዎን ባለመሥራትዎ› ያለኝ ምኑን ነው? ሥራ ከሆነ በሚካኤል አልሠራም። ሥራ ካልሆነ አልሠራህም ብላችሁ ምን ልትነጥቁኝ መጣችሁ?»

አቶ ሙላት ደብዳቤውን አዩት። እኔን አዩኝ። እኔ የሹፌሩን ጫማ አየሁ።

«ላምዎን በበዓል አያልቡም?» አሉ አቶ ሙላት፣ እንደ መድፍ ተኩሰው።

«ላሟማ ካልታለበች ትጮኻለች፣ ጌታው። ጣሳው ጮኾ አያውቅም።»

ጎረቤቱ ሳቀ። ሁለተኛ ሳቅ በሁለት ቀን። አቶ ሙላት ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ወጉት።

«ሰማችሁ? ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እዚሁ እንገናኛለን። ቁጥር ከሰጡኝ ደብዳቤውን እቀደዋለሁ። ካልሰጡኝ ጣሳውን ነቅዬ እሄዳለሁ። አለቀ!»

ስልክ አጥርቶ የሚይዘው እዚያ ኮረብታ ላይ መሆኑ ተነገረኝ። ሁሉም ወደ ቤት ሲወርዱ እኔ ቀረሁና ለሀብታሙ ደወልኩ። አልጻፍኩም፤ ደወልኩ።

«ማን ልበል?» አለ ሀብታሙ። ሲገባው ደግሞ «ድምፅ አለሽ እንዴ?» አለኝ።

«ድረ ገጹ ሰረዝ እንዲቀበል አድርገው። ከሰረዝ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ‹የሁለት ቀን ድምር› ይበል። የድሮዎቹን ዜሮዎች ዝርዝር እልክልሃለሁ።»

«አይሆንም እኮ…»

«ዜሮ ነው ያልከኝ አንተ ነህ፣ ሀብታሙ።»

«ነገ ጠዋት ደውዪልኝ። አይ፣ እኔ እደውላለሁ» አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ዝናቡ ሲነጋ ነው ያባራው። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮ ሲደበድብ አድሯል። በማለዳ ከአያ ታከለ ባለቤት ጋር ሚካኤል ሄጄ የእናቴን ጧፍ ሰጠሁ፤ የተሳልኩትን ግን ለማንም አልነግርም። ከዚያ ኮረብታው ላይ ወጣን። አያ ታከለ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ በቅሏቸውን እየሳቡ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። አቶ ሙላት ሰዓታቸውን ያያሉ።

«ሦስት ሰዓት ሆነ።»

«ሆነ» አሉ አያ ታከለ።

«አያዩም?»

«አላይም፣ ጌታው። ነገ ከነገው ጋር አየዋለሁ።» ድምፃቸው አልጠነከረም። ዓይናቸው ጣሳው ላይ ነበር፤ ሊሸጥበት የተነዳ በሬውን የሚያይ ሰው እንደዚያ ነው የሚያየው።

የቆምኩት ከመለኪያው ሁለት እርምጃ ነበር። ጎንበስ ብዬ ባየው፣ አንድ ቁጥር ብናገር፣ ነገሩ ያልቃል። ጣሳውም ለአያ ታከለ ይቀርላቸዋል። ግን ያ ቁጥር የእሳቸው አይሆንም። ሰረዛቸውን አንዴ በእጄ ቀይሬባቸዋለሁ። ልቀይር? አልቀይር? እንደ ልማዴ ግራ ገብቶኝ ሳለ ስልክ ጮኸ። የአቶ ሙላት ነው።

«ሃሎ! ማነው? ከቢሮ? ምን? የምን ፊርማ?» አሉ አቶ ሙላት፣ ጣታቸውን ሌላው ጆሯቸው ውስጥ ከተው። «ዛሬ? ምን ነካችሁ፣ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው! ማኅበሬ ያመለጠኝ አንሶ ፊርማ? ማን በሚካኤል ይፈርማል? ነገ!»

ስልኩን ዘጉ። ቀና ሲሉ ሁላችንም እያየናቸው ነበር። በቅሏ ጭምር።

ማንም አልሳቀም። አያ ታከለ ብቻ፣ በጣም በትሕትና፣ «ፊርማ ሥራ ነው እንዴ፣ ጌታው?» አሉ።

አቶ ሙላት ማዶውን ተራራ አዩ። ተራራው ትንፋሹን ያዝ ያደረገ መሰለኝ። ከዚያ ደብዳቤውን አውጥተው ለሁለት፣ ለአራት አጠፉትና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«የናንተ ማኅበር ወዴት ነው?» አሉ።

«ከታች፣ ከወንድሜ ቤት። ቆሎውም ጠላውም አለ» አሉ አያ ታከለ፣ ፊታቸውም በራ። «ገብሱ ግን የዘንድሮ ነው።»

ሁለቱ ጎን ለጎን መውረድ ጀመሩ። ያን ጊዜ የእኔ ስልክ ጮኸ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣሁት።

«ሠርቼዋለሁ» አለ ሀብታሙ። «የዛሬውን ንገሪኝ፣ ላስገባው። ስንት ሆነ?»

ወደ ጣሳው ተመለከትኩ። ከወገቡ በላይ ሞልቶ ሰማዩ ይታይበታል።

«ሰረዝ» አልኩ።

«እንዴ፣ ሌሊቱን አልዘነበም? ዜሮ ልበለው?»

«ሰረዝ አልኩህ!»

ታች የነበሩት ሁሉ ዞር አሉ። አያ ታከለ በዱላቸው «ነዪ» አሉኝ። ስልኩን ዘጋሁ፣ የካቡን በር ገጥሜ፣ ጣሳውን ውሃውን እንደያዘ ትቼው ወረድኩ።